ወይዘሮ እታፈራሁና የሠርጉ ናፕኪን

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እታፈራሁ» ማለት በሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ በአዋሳ ከተማ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሠፈር ነዋሪ የሆነች፤ በልቶ የተነሣ እጅ ወደ ልብስ፣ ወደ መጋረጃ፣ ወደ ጠረጴዛ ልብስ ጫፍ፣ ወደ ወንበር ሥር ወይም ወደ ሌላ ሰው ትከሻ እንዳይዛመት ለመከላከል በራሷ ፈቃድ የተቋቋመች፤ የራሷ የሆነ ሕጋዊ ሰውነት ያላት፤ ተጠሪነቷም ለማንም ያልሆነ ባለ ሥልጣን ናት። በሴት ጾታ የተነገረው ባሏንም ይጨምራል።

ሕግ አንቱታን አያውቅም፤ እኛ ግን በአንቱታ ያደግን ነንና ከዚህ ወዲያ ወይዘሮ እታፈራሁ እንላቸዋለን። ወይዘሮ እታፈራሁ በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆቴል የመመገቢያ አዳራሽ ኃላፊ ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ፈጠን የሚሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ የሚያደርጉ ሴት በመሆናቸው አስተናጋጆቹ የሚፈሩት ጩኸታቸውን ሳይሆን ሹክሹክታቸውን ነበር። ከተማው ግን የሚያውቃቸው በሌላ ነው።

በአዋሳ ድግስ ያሰበ ሰው በሬውን በሬ ለሚያውቅ ያስመርጣል፤ ጠጁን ጠጅ ለሚያውቅ ያስቀምሳል፤ ናፕኪኑን ግን አንድ ሁለት ፍሬ በኪሱ ይዞ ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ይመጣል። እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሹታል፤ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ብርሃን ያሳዩታል፤ ከዚያም ጫፉን ምራቅ አስነክተው ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ የሚናገር ሰው የለም። ፍርዱ ይሰጣል፤ ይግባኝ የለውም።

«ይህ ለልደት ይሆናል፤ ብስኩት የሚበላ ሕፃን ብዙ አይጠርግም» ይላሉ። ወይም፣ «ይህ ለተስካር ነው። ሐዘንተኛ የሚበላው በጣቱ ጫፍ ነው።» ወይም ደግሞ ባለ ጉዳዩን ቁልቁል እያዩ፣ «ይህን ማን ሸጠልህ? በል መልስለት፤ ቆሎ እንኳ አይቋጠርበትም።»

ዘመኑ የእጥረት ነበር። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ዘይቱም በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገኝበት ጊዜ ስለ ነበር ደጋሽ ሁሉ አንዱን ናፕኪን በመቀስ ለአራት ቆርሶ፣ እንደ ማራገቢያ አጣጥፎ፣ በብርጭቆ ሰክቶ ያቀርባል። ከሩቅ ሲያዩት አበባ ነው፤ ቀርበው ሲያወጡት የአንድ ጣት መጠቅለያ ነው። ወይዘሮ እታፈራሁን ይህ ነገር ያማቸው ነበር። በአንድ የመምህራን ሠርግ ላይ ያቺን ሩብ ወረቀት በሁለት ጣት አንጠልጥለው ደጋሹን፣ «ይህ ለአውራ ጣቴ ነው፤ ለቀሩት አራቱ ማን አሰበላቸው?» ብለውታል። ሰውየው ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያያቸው እጁን ኪሱ ይከታል ይባላል።

የዚህ ሁሉ ጽናት ምንጭ በሳሎናቸው ቡፌ ላይ በፍሬም ውስጥ ተቀምጧል። ደብረ ብርሃን ላይ የተነሡት የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ነው። ሙሽራው እንደ ጊዜው ደንብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሙሽሪት ነጭ ቬሎ ለብሰው ወደ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይታያሉ። «ይታያሉ» ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከፎቶግራፉ ፊት አንድ ትልቅ የፕላስቲክ አበባ ዘብ ቆሟል። አበባው የቆመው የሙሽሪትን ትከሻ ለመሸፈን ነው። ትከሻው ላይ አምስት ጣት አለ። የሙሽራው አጎት የነበሩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ዶሮ ወጡን በሚገባ አጣጥመው ሲነሡ እጃቸውን የሚጠርጉበት አጡ፤ ቢያጡም ምርቃታቸውን አላስቀሩም። «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው የሙሽሪትን ትከሻ ያዝ አደረጉ። ፎቶግራፍ አንሺውም በዚያችው ቅጽበት አነሣ። መውለዱ ደርሷል፤ ብርቅዬ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ተገኝታለች። መክበዱ ትንሽ ዘግይቷል። ጣቱ ግን ቬሎው በስንት ሳሙና ታጥቦም አልለቀቀም፤ በፎቶግራፉ ላይማ ማን ያጥበዋል?

ችግሩ፣ አበባው ትከሻውን ሲሸፍን የሙሽራውንም ፊት አብሮ ሸፈነው። ባለቤታቸው አቶ ወልደአማኑኤል የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጢማቸው ረዥም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። አዲስ እንግዳ ወደ ቡፌው ባየ ቁጥር፣ «ከጫካው በስተጀርባ ያለሁት እኔ ነኝ» ብለው ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ።

እንግዲህ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ብርቅዬን ሊድሩ ሲነሡ ወይዘሮ እታፈራሁ ከፈጣሪያቸው የለመኑት ብዙ አልነበረም። ድግሱ ቢያንስም ይነስ፤ ዘፋኙ ቢጎረንንም ይጎርንን። ልጄ ግን ከቤቴ ነጭ ሆና ትውጣ፤ ፎቶግራፏም አበባ አያስፈልገው።

ሙሽራው ታምሩ በእርሻ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ትሑት ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱ ያሳደጉት አጎቱ ጓድ ግዛቸው ናቸው። ጓድ ግዛቸው በክፍለ ሀገሩ ከሚታወቁት ሹሞች አንዱ ነበሩ፤ በሶሻሊስቶቹ አገር፣ በሶፊያ ከተማ ተምረው የመጡ፣ ካኪ ልብሳቸው ምንጊዜም እንደ ተተኮሰ የሚውል፣ ሳይቸኩሉ የሚናገሩ ሰው። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን በመሥሪያ ቤት መኪና መጥተው ግቢው ውስጥ ካርቶን ያስወርዱ ጀመር።

«ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ስለዚህ ነገር እንደሚጨነቁ ሰማሁ» አሉ። «ከእንግዲህ ይረፉ። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ላኩልኝ። የእኛ የወንዶቹ ወገን ስጦታ ይሁን።»

ካርቶኑ ተከፈተ። ናፕኪኑ እንደ በርበሬ የቀላ ነበር።

«ደማቅ ነው» አሉ ጓድ ግዛቸው፤ «ከዘመኑ ጋር የሚሄድ።»

«እግዜር ይስጥልን፤ አደመቁን» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። ጣታቸው ግን ሳያዝዙት ወደ ከንፈራቸው ሲነሣ አቶ ወልደአማኑኤል ክርናቸውን ያዙ። የአማች ስጦታ በምራቅ አይፈተንም።

መኪናው ሲሄድ ጠብቀው ፈተኑት። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፈረንጅ ናፕኪንን የሠራው ሹካ ለያዘ ደረቅ እጅ ነው። የእኛ ሰው ግን ማዕድ ሲቀርብለት እጁን ይታጠባል፤ ታጥቦም ያራግፋል እንጂ አያደርቅም፤ በውሃ የገባው እጅ በወጥ ይወጣል። ስለዚህ በውጭ አገር የተመሰገነ ወረቀት ሁሉ አዋሳ ላይ ያልፋል ማለት አይደለም። ወይዘሮ እታፈራሁ ባላቸውን እጅ አስታጠቡ፤ ቀይ ወጥ አቀረቡ፤ ከበሉ በኋላ ከስጦታው አንዱን ሰጧቸው።

«ጥረግ።»

አቶ ወልደአማኑኤል ጣታቸውን ጠረጉ፤ ከንፈራቸውን ጠረጉ፤ ጢማቸውንም በጥንቃቄ አበሱ። ጢማቸው ነጭ ነበር። «ነበር» ያልነው በምክንያት ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«መስታወት ተመልከት።»

ሄደው ተመለከቱ። «ይኸውልሽ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔ እስከ ዛሬ ከዳር ቆሜ ስመለከት ኖርኩ፤ ጢሜ ግን ቀድሞኝ ተሰለፈ።»

«ቀልድ አታድርገው። ያ ሁሉ እንግዳ በዚህ እጅ ልጄን ሊያቅፍ ነው።»

«የአማች ስጦታ ነው፣ እታፈራሁ። ወረቀቱን ብትመልሺ ልጅቷንም አብረሽ እንደ መለስሽ ነው የሚቆጠረው። ያውም የእሳቸውን ስጦታ፤ ያውም ቀዩን።»

«ማን እመልሳለሁ አለ?»

«ታዲያ?»

«አልመልስም፤ አላስጠርግበትምም» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ፤ ይህንንም ያሉት በሹክሹክታ ነው። አቶ ወልደአማኑኤል ሹክሹክታውን ስለሚያውቁት ጢማቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

በማግስቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ወደ ሙክታር ሱቅ ዘለቁ። ሙክታር እዚያው አዲስ ከተማ ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ቀበሌ ሱቅ የጠፋ ዕቃ እሱ ዘንድ ከመደርደሪያው ሥር ይገኛል ይባላል። የሚፈልጉትን ነገሩት፤ ነጭ ይሁን፣ ድርብ ይሁን፣ ውሃ የሚጠጣ፣ ጠጥቶም የማይፈርስ፣ ሲነኩት የማይሻክር፣ ቢጨብጡት የማይቀደድ፣ ከእጅ ላይ ፍርፋሪ የማይተው።

ሙክታር እስኪጨርሱ ሰማቸው። «እትዬ፣ የሚፈልጉት ናፕኪን ነው ወይስ ባል?»

«ለባልማ ይህን ያህል አልመረጥኩም። አለህ ወይስ የለህም?»

የነበረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የአገር ውስጥ፣ ነጭ፣ ጠንከር ያለ፤ ሌላው በሞያሌ በኩል የገባ፣ ለስላሳ፣ ዳሩ አበባ የታተመበት። ከሁለቱም ናሙና ተቀብለው በሐይቁ ዳር አሣ ወደሚጠበስበት ወደ አሞራ ገደል ሄዱ። በሚሠሩበት የመንግሥት ሆቴል ወጥ ቤት መፈተን ይቻል ነበር ይሉ ይሆናል፤ ወይዘሮ እታፈራሁ ግን የመንግሥትን ዕቃ ለቤታቸው አይነኩም። ደግሞም አሣ የማያታልል ፈታኝ ነው፤ ዘይቱም፣ እሾሁም፣ ሽታውም በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ይወጣል።

አብራቸው የሄደችው ጎረቤታቸው ታቢታ ናት። ታቢታ የሲዳማ ልጅ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገች የሆስፒታል ነርስ ስትሆን፣ ወይዘሮ እታፈራሁን እንደ ታላቅ እህት ታከብራቸዋለች፤ ማክበሯ ግን ከማሾፍ አግዷት አያውቅም።

«እትዬ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው አሣ ሊበላ ነው» አለች በመንገድ ላይ። «እኛ ወረቀት ልናስበላ እየሄድን ነው።»

ጀልባዎቹ ገብተው ጨርሰዋል፤ ሴቶቹ አሣ ይጠብሳሉ፤ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞራዎች፣ ጡረታ እንደ ወጡ ዳኞች ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ወይዘሮ እታፈራሁ ትኩስ አሣ አዘዙና ጠባሿንም፣ ታቢታንም፣ ራሳቸውንም በአንድ ትሪ ዙሪያ አስቀመጡ። የአገር ውስጡ ወረቀት መጀመሪያ ቀረበ። ዘይቱን ከአንዱ ጣት ተቀብሎ ለሌላው አደለ እንጂ አልጠጣውም። ወይዘሮ እታፈራሁ ጨብጠው ጣሉት። አንድ አባ ኮዳ ዘልሎ ዋጠው፤ ጥቂት አሰበ፤ አንገቱን አስረዝሞ መልሶ ተፋው።

«አየሽ» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ፤ «እሱም አልተቀበለውም።»

ባለ አበባው ደግሞ ለስላሳ ነበር፤ ልስላሴው ግን እርጥብ ጣት እስኪነካው ድረስ ነው። የጠባሿ አምስቱ ጣቶች ላይ ተቦጫጭቆ ተለጥፎ ቀረ። ሴትዮዋ እጇን ወደ ፀሐይ አንሥታ እያየች በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ታቢታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ምን አለች?»

«‹እጄ ሳይታመም ማን አሰረልኝ?› ነው የምትለው። እውነቷን ነው፤ ይህን ፋሻ ሆስፒታል ቢያመጡልን አንቀበልም።»

ወይዘሮ እታፈራሁ አልሳቁም። ሐይቁን ያዩ ነበር። በዓይናቸው ፊት የነበረው የሚያብረቀርቅ ውሃ ሳይሆን አንድ ነጭ ትከሻ ነበር።

«እትዬ» አለች ታቢታ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፤ «ፎጣ እናዙር። ሁለት ሴት ልጆች ፎጣ ይዘው ቢቆሙስ?»

«አንድ ፎጣ ከአሥረኛው ሰው በኋላ ፎጣ አይደለም፤ ወጥ ነው» አሉና ተነሡ። «ሙክታር ያምጣ።»

ሙክታር ላይ የወረደው ነገር እዚህ ሁሉ አይጻፍም። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ በሱቁ ያልፋሉ፤ ማታ ሲመለሱ በሱቁ ያልፋሉ። አይቆጡም፤ ቆም ብለው፣ «እህ?» ብቻ ይላሉ። ሙክታር በስተኋላ «እህ» የሚል ሁሉ እሳቸው እየመሰለው ደንበኛ ሲያስለው እንኳ መደንገጥ ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ከሞያሌ የመጣ የጭነት መኪና ላይ አንድ ዕቃ አገኘና ራሱ ተሸክሞ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«ነጭ ነው፣ ድርብ ነው፣ ውሃ ይጠጣል» አለ ሳይቀመጥ። «አንዲት ነገር ብቻ አለችበት።»

«ምን?»

«ሽማግሌ።»

እውነትም በያንዳንዱ ናፕኪን አንድ ማዕዘን ላይ ቀይ ቆብ ያጠለቀ፣ ጉንጩ የቀላ፣ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ አንድ ሽማግሌ ታትሟል። ታቢታ ገና ስታየው አወቀችው። «የፈረንጆች የገና አባት ነው! ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንዱ አስተማሪ እንደዚህ ለብሶ ከረሜላ ያድለን ነበር። ይህ ከገናቸው የተረፈ ነው።»

«ገና አልፏል፤ ጥምቀትም አልፏል» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል ወረቀቱን በመነጽራቸው እየመረመሩ። «እንግዳው ‹ይህ ማነው?› ሲል ምን ልንለው ነው? የሙሽራው አያት?»

ወይዘሮ እታፈራሁ ባላቸውን እጅ አስታጠቡ፤ ወጥ አቀረቡ፤ አስጠረጉ። ወረቀቱ ውሃውን ጠጣ፤ ዘይቱን ጠጣ፤ ጢሙን አብሶ አንዲት ፍርፋሪ ሳይተው ወጣ። ቀዩ ቆብ በምራቅም፣ በውሃም፣ በሞቀ ወጥም ታሸ፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ናፕኪኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንዱን ጫፍ ወደ መሐል መለሱ፤ ደግመው አጠፉት፤ ሽማግሌው ከነጢሙ ውስጥ ገብቶ ከላይ ነጭ ብቻ ቀረ።

«ቤት ውስጥ ይቀመጥ» አሉ። «እንግዳው የሚያየው ነጩን ነው።»

የጓድ ግዛቸው ቀያዮች ግን ቀሩ። እነሱንም ወይዘሮ እታፈራሁ አልጣሏቸውም። የሠፈሩን ልጃገረዶች ሰብስበው ወረቀቱን በክር እያሰሩ፣ ቅጠል ቅጠሉን እየዘረጉ አበባ አሠሯቸው፤ የዳሱን ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር፣ በተለይም የሙሽሮቹን መቀመጫ አናት፣ ቀይ በቀይ አደረጉት። እጅ የማይደርስበት ቦታ ማለት ነው።

ለሠርጉ ጥቂት ሲቀር ጓድ ግዛቸው ዳሱን ሊያዩ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጣሪያውን አዩ። ብዙ አዩት።

«ጌጥ አደረጓቸው» አሉ።

«አዎን።»

«እኔ እጅ ይጠረግባቸዋል ብዬ ነበር።»

አቶ ወልደአማኑኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታቢታ የያዘችውን ናፕኪን እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ይህች ቅጽበት ሠርጉ ወዲህም ወዲያም ሊወድቅ የሚችልባት ናት፤ የተናቀ አጎት ሽማግሌ ልኮ ቀን ሊያስለውጥ፣ አልፎም ሊያስቀር ይችላል። የተናቀው ቀለም ደግሞ የወረቀት ብቻ አልነበረም። ወይዘሮ እታፈራሁ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ማር መቀባትም ይችሉ ነበር፤ አልፈለጉም።

«ጓድ ግዛቸው፣ ስጦታዎን ከራሴ በላይ ሰቅዬዋለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እጅ ግን አላስነካውም። ቀለሙ ይለቅቃል። በእርስዎ ስም የተሰጠ ወረቀት የእንግዳውን አፍ አቅልቶት፣ ልጃችንን አቅልቷት፣ ሰው ሲስቅ ማየት አልፈልግም። ካላመኑኝ... ወልዴ፣ ና ጢምህን አሳያቸው።»

አቶ ወልደአማኑኤል እንደ ምስክር ቀረቡ። ያን ያህል ታጥቦም የጢማቸው ጫፍ ገና ጽጌረዳ ቀለም ነበረው። ጓድ ግዛቸው ጎንበስ ብለው መረመሩት።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ስጦታዎ ከመጣ ወዲህ» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «ተማሪዎቼ ሂና ተቀባ ይላሉ።»

ጓድ ግዛቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ነጭ ናፕኪን አነሡ። «እና የመረጡት ይህን ነው» ብለው ገለጡት። ሽማግሌው ከነቆቡ ወጣ።

የባዕድ ሃይማኖት ምልክት በሹም አማች ሠርግ ላይ፣ በዚያ ዘመን። ታቢታ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ስለ እምነታቸው ሲታሰሩ ለኖሩት ወገኖቿና ለእሷ ይህ ዓይነቱ ነገር ቀልድ አልነበረም።

«ማነው ይህ?»

ወይዘሮ እታፈራሁ ሊናገሩ ሲሉ ጓድ ግዛቸው ራሳቸው ቀጠሉ። ወረቀቱን ቀረብ አድርገው ይዘውታል። በየአደባባዩ ከተሰቀሉት ጢማሞች መካከል እንደማይገኝ እሳቸውም አላጡትም፤ ያም ሆኖ ጢም ጢም ነው።

«አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሶፊያ ሳለሁ በብርዱ ወራት በየመደብሩ መስኮት ይቆም ነበር። ለሠራተኛው ልጆች ስጦታ ያድላል። በነፃ።» አጣጥፈው ወደ ቦታው መለሱት። «ጓድ ነው።»

ታቢታ ዓይኗን ከመሬት አነሣች።

«ግን እጥፉ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ» አሉ ጓድ ግዛቸው። «በጓድ ጢም አፍ አይጠረግም፤ ጢሙ ውስጥ ይሁን። የቆቡ ጫፍ ግን በጥቂቱ ብቅ ይበል። ቀይ ነገር ጨርሶ ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ እንዳይባል።»

ወይዘሮ እታፈራሁ አሰቡ። በእጥፋት ጉዳይ የሌላ ሰው ሐሳብ ተቀብለው አያውቁም። ናፕኪኑን አንሥተው እጥፉን በአንድ ጣት ውፍረት ወደ ኋላ ሳቡት፤ ከነጩ ሥር ትንሽ የቀይ ቆብ ጫፍ ወጣች፤ ሲያዩዋት ታምራለች።

«ቀለሙ አይለቅቅም፤ ፈትኜዋለሁ» አሉ። «ይሁን።»

ሠርጉ ደረሰ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በጥሩንባና በሆታ መጣ፤ ምሳ ቀረበ። ያን ቀን የታየው ነገር በአዋሳ እስከ ዛሬ ይወራል። እያንዳንዱ እንግዳ ፊት አንድ ያልተቆረሰ፣ ድርብ፣ ነጭ ናፕኪን ከነቀይ ጫፉ ተቀምጧል። ወይዘሮ እታፈራሁ በአዲሱ የሐበሻ ቀሚሳቸው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲመላለሱ ዋሉ። ልብሱ ላይ ሊጠርግ እጁ የከዳውን ሰው ከሩቅ ያውቁታል፤ ሳይደርስ ይደርሱበታል። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሙሽሪትን ሊስም ሲነሣ መንገድ ላይ አስቁመው፣ «አባቴ፣ እጅዎን» ብለው ራሳቸው ጠርገው አሳልፈውታል። ሰው ሁሉ ጠረገ። ጓድ ግዛቸውም ጠረጉ፤ ከጠረጉም በኋላ ናፕኪኑን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ የቆቡ ጫፍ ከካኪው ላይ ብቅ ብላ ቀረች። ብርቅዬ ነጭ ነበረች። ትከሻዋ ነጭ፣ እጅጌዋ ነጭ፣ ከኋላ የሚጎተተው ዘርፍ እንኳ ነጭ።

ወደ መጨረሻው ላይ ታቢታ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጓዳው በር ሳበቻቸው። «እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፍዎ አልዞረም። ይቀመጡ።»

«ሙሽሮቹ ሊወጡ ነው።»

«ገና ናቸው። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ለእኔ ሲሉ ሁለት ይጉረሱ።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ተቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ፤ አራገፉ። ራባቸው ያን ያህል መሆኑን ያወቁት ዶሮ ወጡን ሲነኩ ነው። ለራሳቸው ያስቀመጧት አንዲት ናፕኪን በደረታቸው፣ በነጠላቸው ሥር፣ ተጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጡ ሆታው ተነሣ። ሙሽሮቹ ሊወጡ ነው። ወይዘሮ እታፈራሁ ብድግ ብለው ሮጡ።

ብርቅዬ ዳሱ መካከል ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ስማ ወደ እናቷ ዞረች። ወይዘሮ እታፈራሁ ቁልቁል አዩዋት። ከራስ እስከ እግር መረመሯት፤ አንዲት ነጥብ አልነበረባትም። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ዓመት ውስጣቸው ተቋጥሮ የኖረ ነገር ተፈታ፤ ዓይናቸው ተሞላ፤ ምንም ሌላ ነገር ማየት አልቻሉም።

«ውለዱ፣ ክበዱ፣ ልጄ» አሉና በቀኝ እጃቸው ትከሻዋን ያዝ አደረጉ።

የካሜራው መብራት ቦግ አለ።

እጃቸውን ሲያነሡ አምስቱም ጣት ነበር። ዶሮ ወጥ ነው፤ የአውራ ጣቱ ትንሽ ደብዘዝ ይላል እንጂ የቀሩት አራቱ ተሟልተዋል። ያ ሁሉ ንጹሕ እጅ ያለው እንግዳ የሙሽሪትን ትከሻ አፍጥጦ አየ። ጓድ ግዛቸው ከስጦታቸው ሥር ቆመው ጣሪያውን ማየት መረጡ። ታቢታ ናፕኪን ዘረጋች፤ ወይዘሮ እታፈራሁ አላዩትም፤ እጃቸውን በአዲሱ ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት።

ብርቅዬ አንገቷን አዙራ ትከሻዋን አየች። ከዚያ እናቷን አየች። ልታለቅስ ነው ሲሉ ሳቋ አመለጣት።

«እማዬ» አለች፤ «ያንን የፕላስቲክ አበባ ለእኔ ትሰጪኛለሽ።»

«ውሰጂው ልጄ፤ ዛሬውኑ ውሰጂው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል ከኋላ። «እኔም በስተርጅና ልታይ።»